ስለ ክፉ ስሜት ቃላት ትርጕም

በደብረ ማርቆስ የሚኖሩ አንድ ጎረቤቴ፥ በባሕር ማዶ ተወልዳ አማርኛ ለማታውቅ ለወንድማቸው ልጅ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ አጻፉ። ቃላቸው «ታምሜ ሳለሁ ሳትጠይቂኝ በመቅረትሽ ተቀይሜሻለሁ» የሚል ነበር። ጸሐፊው ተማሪ በደብተሩ «ሄት፤ ጥላቻ፥ ቅያሜ» የሚል ስላገኘ እንደዚያው ጻፈ። ልጅቱም ጠልተውኛል ብላ ዓመት ሙሉ መልስ ሳትሰጥ ቀረች።

ተማሪውን አልወቅስም፤ የምነቅፈው ደብተሩን ነው። ልጆቻችን የክፉ ስሜትንና የክፉ ጠባይን ስም በእንግሊዝኛ የሚያጠኑት ቃልን ከቃል አንድ ለአንድ እያጋጠሙ በሁለት ረድፍ ጽፈው ነው። ይህም ልማድ ሦስት ጕድለት አለበት።

አንደኛ፤ የስሜቱን መጠን አይለይም። ባዳ ቢበድለን እንቈጣለን፤ የምንቀየመው ግን የእኔ በምንለው ሰው ነው። ቅያሜ ሲያድር ቂም ይሆናል፤ ቂምም ሲከርም ቁርሾ ሆኖ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። እንግሊዞች ግረጅ የሚሉት ለቂም ይቀርባል። ለቅያሜ ግን ልክ የሆነ አንድ ቃል ስለማይገኝለት «አዝኜብሻለሁ፥ ልቤ ተጐድቷል» ብሎ በዐረፍተ ነገር መግለጥ ይሻላል።

ሁለተኛ፤ አንድ ቃል ሁለት ፊት ሊኖረው እንደሚችል አያስታውቅም። የእኛ ቅናት በግእዝ ቅንአት ነው፤ በአማርኛ የአልፍ ፊደል ስለ ወደቀ፥ መታጠቂያ ከሚባለው ከግእዙ ቅናት ጋራ በድምፅ ተመሳሰለ። ቅንአት በበጎም በክፉም ይነገራል፤ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ሐዋርያው ስምዖን ቀናተኛ መባሉ ነቀፋ አይደለም። የጽርዕ ቃሉም ዜሎስ እንዲሁ ሁለቱን ይይዛል። እንግሊዝኛ ግን ከዚሁ ከአንዱ ዜሎስ ሁለት ቃል አወጣ፤ ዚል ለበጎው ትጋት፥ ጀለሲ ለክፉው ሆነ። ኤንቪ ደግሞ በላቲን በክፉ ዓይን ማየት ከሚለው ግስ የመጣ ሌላ ቃል ነው። ጀለሲ የያዘው ሰው የራሱ እንዳይወሰድበት ይሰጋል፤ ኤንቪ የያዘው የሌላው ማግኘት ያቃጥለዋል። የእኛ ምቀኛ ከሁለቱም ይከፋል፤ እርሱ ባያገኝም እንኳ የሌላው ማጣት ይበቃዋልና። ደብተሩ ይህን ሁሉ «ቅናት» ብሎ ያልፈዋል።

ሦስተኛ፤ የቃሉን ዘር አይመረምርም። ጎሲፕ በጥንታዊው እንግሊዝኛ በክርስትና የተዛመደ፥ የክርስትና አባት ወይም እናት ማለት ነበር። ኋላ ለቅርብ ወዳጅ፥ ከዚያም ለወዳጆች ጨዋታ ተነገረና በመጨረሻ የሰው ነገር ማውራት ሆነ። ሐሜት ግን ከግእዙ ሐመየ የወጣ ስለ ሆነ ከጥንቱም ነቀፋ ነው። እንግዲህ ሐሜት ሁሉ ጎሲፕ ቢባል፥ ጎሲፕ ሁሉ ሐሜት አይደለም፤ የዋዛ ወሬም ይሆናልና።

ለዚህ ጕድለት መድኃኒቱ መጽሐፍ አልታጣም። ቮልፍ ሌስላው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 በቪስባደን ያሳተሙት የእንግሊዝኛና አማርኛ መዝገበ ቃላት፥ ቃሉን በዐረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ ስለሚያሳይ ከባዶ ዝርዝር እጅግ ይበልጣል። ነገር ግን ከእንግሊዝኛ ስለሚነሣ፥ ቅያሜን ይዞ ለሚመጣ ሰው በሩ በወዲያ በኩል ነው፤ ለዚያ የቶማስ ኬንን የ1990 የአማርኛና እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ማየት ያሻል። የራሳችንን ቃል ዘር ለማወቅም የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ (1948 ዓ.ም.) እና የደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.) መዛግብት አሉ። የገዛ ቃሉን ያልመረመረ ሰው የባዕዱን ሊመዝን አይችልም።

መምህራንም የቅኔ ቤቱን ሥርዐት ቢያስቡ መልካም ነው። በዲማም ሆነ በዋሸራ ተማሪ ግሱን ስላወረደ ብቻ ዐወቀ አይባልም፤ በቅኔው አግብቶ ለመምህሩ ነግሮ፥ ታርሞ ነው የሚያውቀው። የእንግሊዝኛውም ቃል እንዲሁ በዐረፍተ ነገር ይግባ፥ ይነገር፥ ይታረም።

ጎረቤቴ ሁለተኛ ደብዳቤ አጻፉ፤ በእርሱም ቅያሜ ከሚወዱት ሰው ብቻ እንደሚመጣ ተብራራ። መልሱ በሦስተኛው ሳምንት ደረሰ።