ስለ «ፍካሬ ኢየሱስ» ትንቢትና ስለማይሻር እምነት

«ፍካሬ ኢየሱስ» የተባለው ድርሰት ከክፉዎች ነገሥታት ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ 40 ዓመት በሰላም እንደሚገዛ ይናገራል። ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ በዚሁ ስም ተጠሩ።

ፍጻሜውን እኛ የጋይንት ሰዎች በሩቅ የሰማነው አይደለም። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. «ሴባስቶፖል» የተባለውን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገድም እያስጠረጉ፣ ከደብረ ታቦር በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ አለፉ፤ በሚያዝያም በዚያው ራሳቸውን ገደሉ። 40ው ዓመት 13 ሆነ፤ ሰላሙም ጦርነት። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሡት ቀዳማዊ ቴዎድሮስም ዘመናቸው አጭር ነበር።

ትንቢቱ ግን አልተሻረም። አማኙ «ያ እውነተኛው አልነበረም፤ እውነተኛው ገና ይመጣል» ለማለት ይችላልና። ድርሰቱ ስም እንጂ ዓመተ ምሕረት ስለማይሰጥ ውድቀቱ ሰውየውን ያስወቅሳል እንጂ ተስፋውን አይነካም። ፖርቱጋሎችም ንጉሣቸው ሰባስትያን በ1578 እ.ኤ.አ. በሞሮኮ ጦር ሜዳ ከወደቀ በኋላ ይመለሳል እያሉ ብዙ ዘመን ጠብቀዋል።

ይህን ድንቁርና ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልስማማም። ፍትሕ ያጣ ገበሬ ተስፋውን የሚያኖርበት ሌላ ስፍራ ካላገኘ ማስረጃ ብቻውን አያስጥለውም። እኛ የተማርነውም መሪያችን ሲወድቅ «ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ሰውየው አበላሸው» እንላለን። ስለዚህ አንድን የፖለቲካ እምነት ከመቀበላችን በፊት «ምን ባይ ሐሰት ነው እላለሁ?» ብለን እንጠይቅ። መልስ ካጣንለት፣ እምነቱን የያዝነው በማስረጃ አይደለም።