የለንደን የጡብ ቦዮች

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1858 የለንደን ፓርላማ አባላት መቀመጥ አቃታቸው። በደጃቸው የሚያልፈው የቴምዝ ወንዝ የከተማው ሰገራ መጣያ ሆኖ፣ ሙቀቱ ሲበረታ ግማቱ አዳራሹን ሞላው። ለዓመታት ሲንከባለል የቆየው የፍሳሽ ማስወገጃ ገንዘብ ጉዳይ በሳምንታት አለቀ። (ሹማምንት ችግሩ አፍንጫቸው ሥር እስኪደርስ መጠበቃቸው የትም አገር ያው ነው።)

መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት የዘየደው ሲያዩት ቀላል ነው፤ ወደ ወንዙ የሚወርዱትን ቱቦዎች ከወንዙ ጎን ለጎን በሚሄዱ የጡብ ቦዮች መንገድ ላይ ጠልፎ፣ ፍሳሹን ከከተማው ምሥራቅ አሻገረው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የአንዳንዶቹ ቦዮች ቅርጽ ነው፦ በቀጭን ጫፉ የቆመ እንቁላል። ፍሳሹ ሲያንስ በጠባቡ ሥር ተሰብስቦ ይፈጥናል፤ ደለሉንም ራሱ ይጠርጋል። ያለ ሞተር፣ ያለ ጠራጊ!

የቦዮቹ ጥቅም ብዙም ሳይቆይ ታየ፤ በ1866 ኮሌራ ሲመለስ ክፉኛ የመታው ሥራው ያልተጠናቀቀበትን የምሥራቅ ለንደን ክፍል ነበር።

የቦዮቹ ሥርዓት ጉድለትም አለው። ዝናብና ፍሳሽ በአንድ ቦይ ስለሚሄዱ፣ ዶፍ ሲወርድ ትርፉ ወንዙ ውስጥ ይገባል። በ2025 ሙሉ በሙሉ ከመስመሩ ጋር የተገናኘው የ25 ኪሎ ሜትር ዋሻ የተቆፈረው ይህን ትርፍ ተቀብሎ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ለመውሰድ ነው። አሮጌውን አገዘው እንጂ አልተካውም፤ የባዛልጌት ቦዮች ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው።