የሌሊት እማኝ

ባለፈው ሐምሌ፣ ከአሰላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በሲሬ ከተማ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት እናት፣ የስንዴ ጎተራቸውንና ሁለት የወተት ላሞቻቸውን ያለ ዘበኛ ማሳደር ቢያስጨንቃቸው፣ በቤታቸው ካሜራ እንድተክልላቸው አስጠሩኝ። እኔም ቀኑን ሙሉ ስደክም ውዬ አራቱን ካሜራዎች ሰቅዬ፣ መቅረጫውን ከቴሌቪዥናቸው ጋር አገናኝቼ፣ የግቢው ሣር አንድ በአንድ የሚቆጠር እስኪመስል ድረስ የጠራውን ሥዕል ባሳየኋቸው ጊዜ፣ እጃቸውን በአፋቸው ጭነው ጥቂት ተደንቀው ከቆዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህ ሁሉ የቀን ነው፤ ሌባ ግን በቀን አይመጣብኝም» አሉኝ።

በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ስኖር ሥራዬን እንዲህ ባለች አጭር ቃል የመዘነ ሰው አላጋጠመኝም ነበር። አብዛኛው ደንበኛ የሚጠይቀው የካሜራውን ብዛትና ዋጋ፣ ከዚያም በስልኩ ማየት ይችል እንደሆነ ነው፤ ባለሙያውም፣ እኔም ለረጅም ጊዜ እንዳደረግሁት፣ ሥዕሉ በቴሌቪዥኑ በታየ ሰዓት ሥራው ተፈጸመ ብሎ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ መሰላሉን ተሸክሞ ይሄዳል። ዛሬ ግን የማምነው፣ መስቀሉ የሥራው እኩሌታ እንኳ እንዳልሆነና ዋናው ጥበብ ከተሰቀለ በኋላ ካሜራውን፣ ዳኛ እማኝን እንደሚመረምር አድርጎ መመርመር እንደሆነ ነው። የት ቆመህ አየህ? በምን ብርሃን አየህ? ሰዓቱ ስንት ነበር? በዚያች ሰዓትስ ነቅተህ ነበርን?

ይህን ያስተማረኝ የገዛ ጥፋቴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአሰላ ከተማ በአንድ ነጋዴ ግቢ የተከልሁት ካሜራ፣ በክረምት ሌሊት የገባ ሌባ የውኃ መሳቢያ ሞተር ፈቶ ሲወስድ ቀርፆ ነበር። ባለቤቱና እኔ ሥዕሉን መላልሰን ብናየው፣ ጋቢ የተከናነበ ሰው ሲገባ ይታያል፣ ሞተሩን አቅፎ ሲወጣም ይታያል፤ ፊቱ ግን ዱቄት እንደ ተነሰነሰበት ያህል ነጭ ሆኖ ዐይንና አፍንጫ አልነበረውም፤ በሥዕሉ ጥግ የተጻፈው ቀንም የፈረንጁ 1970 ዓ.ም. የመጀመሪያ ቀን ነበር። ከዚህም የከፋው፣ የሥዕሉ ሰው በቁመቱ የግቢውን ዘበኛ ይመስላል ተብሎ፣ ያ ምስኪን ሰው ሞተሩ በሌላ እጅ እስኪገኝ ድረስ ሁለት ቀን ያለ በደሉ ሲጨነቅ ማየቴ ነው። እኔ የተከልሁት እማኝ አይቶ ያልለየ፣ ሳይለይም ንጹሕ ሰውን ያስጠረጠረ እማኝ ነበረ።

አባቶቻችንም ያልታወቀ ሌባን ለማግኘት ብዙ ደክመዋል። ሌባ ሻይ የሚባለው ሥርዐት፣ አንድ ብላቴና የሚያደነዝዝ መጠጥ ጠጥቶ፣ መቀነቱን ሰው ይዞለት እየተንገዳገደ ሲሄድ ከደጃፉ የወደቀበትን ሰው ሌባ ያሰኝ ነበር፤ ይህም ብዙ ንጹሓንን የሚያስይዝ ሆኖ በመገኘቱ ኋላ በመንግሥት ተከለከለ። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባለው ደግሞ የአገሩን ሰው በአንድ መስክ ሰብስቦ፣ ወንጀለኛው እስኪጠቆም ድረስ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይመለስ የሚያደርግ ነበር። ሁለቱም ሥርዐቶች የተመሠረቱት ያየ ሰው ባለመኖሩ ነው። ካሜራ በዚያ ባዶ ቦታ ሊቆም የመጣ መሣሪያ ስለሆነ፣ በግማሽ አይቶ የሚመሰክር ከሆነ፣ እንደዚያ ብላቴና ከማንም ደጃፍ ሊወድቅ ይችላል።

ካሜራን ለመኖሪያ ቤት ጥበቃ ያሰበችው የመጀመሪያዋ ሰው እንኳ ስትነሣ ያሰበችው ፊትን ለይቶ ስለ ማየት ነበር። በኒውዮርክ ትኖር የነበረችው ነርስ ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን፣ ፖሊስ በተጠራ ጊዜ ቶሎ የማይደርስ መሆኑ ስላሳሰባት፣ ከኤሌክትሮኒክስ ባለሙያው ባልዋ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1966 ዓ.ም. ለፈጠራዋ መብት አመለከተች፤ ይህም ቴሌቪዥን አዲስ አበባ ከገባ ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የፈጠራ መብቱን በ1969 ስትቀበል የተመዘገበው ሥራዋ፣ በበሩ ላይ በልዩ ልዩ ከፍታ የተበሱ አራት ቀዳዳዎችና ካሜራው ወደ ላይና ወደ ታች እየተንሸራተተ በእነርሱ የሚያይበት ብልሃት ነበረው። የቀዳዳዎቹ ምሥጢር ግልጽ ነው፤ ረጅምም ይምጣ አጭር፣ ካሜራው ከመጣው ሰው ፊት ጋር ትክክል መቆም አለበት ማለት ነው። እኛ ግን ዛሬ ካሜራውን ከሌባ እጅ ለማራቅ ስንል ከጣሪያው ጫፍ፣ አራት ሜትር ከፍታ ላይ እንሰቅለዋለን፤ እንደ አርሲ ደጋ ባለ ብርዳም አገር፣ ሰው ሁሉ ባርኔጣ ደፍቶ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ተከናንቦ በሚሄድበት ቦታ፣ ከአራት ሜትር ላይ የሚታየው የባርኔጣ ክብ ብቻ ነው።

ስለ ርቀትም ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ሒሳብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አይኢሲ 62676-4 የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ፣ በአንድ ሜትር ወርድ 25 የሥዕል ነጥቦች ካረፉ ሰው መኖሩ ይታወቃል፣ 125 ካረፉ የምናውቀው ሰው ይለያል፣ የማናውቀውን ሰው ማንነት ያለ ጥርጥር ለማስረዳት ግን 250 ያስፈልጋል ይላል። በገበያችን የተለመደው ባለ 2 ሜጋ ፒክስል ካሜራ በወርዱ 1920 ነጥቦች አሉት፤ ይህን ለ250 ብናካፍለው ወደ 7 ሜትር ከ70 የሚጠጋ ወርድ እናገኛለን። ሰፊ ዕይታ ስላለው ሁሉ የሚወደው ባለ 2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ወደ 100 ዲግሪ ያህል ስለሚከፍት፣ ይህን ወርድ የሚሞላው ገና ከ3 ሜትር ጥቂት እንዳለፈ ነው። እንግዲህ ይህ ካሜራ ግቢውን ሁሉ አያለሁ እያለ፣ በ30 ሜትር ርቀት «ሰው አለ» ይላል እንጂ «እገሌ ነው» ለማለት ሰውየው ከአፍንጫው ሥር መድረስ አለበት። ጠባቡ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን የሚያየው ጥቂት ሆኖ እስከ 8 ሜትር ድረስ ፊት ይለያል። ስለዚህ በሲሬው ቤት ሦስቱን ካሜራዎች ለግቢው ጠቅላላ ዕይታ ትቼ፣ ባለ ጠባብ ሌንሱን አራተኛውን በሁለት ሜትር ከፍታ ከበረንዳው ክዳን ሥር አውርጄ፣ አምስት ሜትር ያህል ርቆ ወዳለው ወደ አጥሩ በር ብቻ አዞርሁት። ሰው በዚያች በር ጎንበስ ብሎ ሲገባ ቀና ማለቱ አይቀርምና፣ ያቺ ቅጽበት ትበቃኛለች።

ከሁሉ የሚከብደው የሌሊቱ ነገር ነው። ካሜራው በጨለማ የሚያየው በዙሪያው በተደረደሩ አምፖሎች ለሰው ዐይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን እየረጨ ስለሆነ፣ ያ ብርሃን መጀመሪያ ያገኘውን ነገር አንጽቶ የቀረውን ያጨልማል። አዲስ የቆርቆሮ በር፣ በተለይ ዝናም ሲያርፍበት፣ እንደ መስተዋት ይመልሰዋል፤ የክረምት ጉም ከመሬት ሲነሣ ሥዕሉ እንደ ወተት ይሆናል፤ ሸረሪትም ሙቀቱን ወድዳ በሌንሱ አፍ ላይ ድርዋን ስትዘረጋ አንዲት ክር የብረት ዘንግ አክላ ትታያለች። በአሰላ የዚያን ሌባ ፊት ዱቄት ያስመሰለው ይኸው፣ ከበሩ ቆርቆሮ የተመለሰው ብርሃን ነበር። መድኃኒቱ ካሜራውን ከቆርቆሮው ፊት ለፊት አስለቅቆ በአግድም ማዞር፣ ከተቻለም ሰው ሲቀርብ የሚበራ ተራ አምፖል በበሩ ላይ መስቀል ነው። እውነተኛ ብርሃን የልብሱን ቀለም ስለሚያሳይ፣ ስለ አለባበስ ለሚጠየቅ ምስክር ታላቅ እርዳታ ነው፤ ሌባውንም አስቀድሞ ያስደነግጠዋል።

ብዙ ባለሙያ የሚታለልበት ሌላም ነገር አለ። ከጎተራው በስተጀርባ የሰቀልሁት ካሜራ ቀኑን ሙሉ ደኅና ሲሠራ ውሎ፣ ልክ ሲመሽ እየጠፋ መልሶ ይበራ ጀመር። ካሜራው አልተበላሸም፤ የኮረንቲው ሽቦ ቀጭን፣ ርዝመቱም ወደ 50 ሜትር ስለነበረ፣ ከመነሻው 12 ቮልት የነበረው ኃይል በመንገድ ደክሞ ሲደርስ ለቀን ይበቃ ነበር፤ ማታ አምፖሎቹ ሲበሩ ግን ካሜራው ከፍ ያለ ኃይል ስለሚስብ ቮልቱ ወርዶ ራሱን ያጠፋል። ሽቦውን በወፍራም ለወጥሁት። ሥራውን በቀን አስረክቤ ሄጄ ቢሆን ኖሮ፣ እኒያ እናት በጎተራቸው ጀርባ ሲመሽ የሚያንቀላፋ ጠባቂ እንዳላቸው ሳያውቁ ክረምቱ ባለፈ ነበር።

በጥንቱ ቤተ መንግሥት ዐቃቤ ሰዓት የሚባል ከፍ ያለ ማዕርግ ነበረ፤ እኔም ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ዐቃቤ ሰዓት እንዲሾም እለምናለሁ። መቅረጫው ሰዓቱን የሚጠብቀው በውስጡ ባለች አንዲት ሳንቲም በምታህል ባትሪ ስለሆነ፣ እርስዋ ከደከመች መብራት በሄደ ቁጥር ዘመኑን ይረሳል። ሰዓቱ ልክ በሆነ ጊዜም የሚጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የቤቱ ባለቤት በሐምሌ 12 ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ውሻው ጮኸ ብለው ቃላቸውን ሲሰጡ፣ ሥዕሉ 19/07 20:15 ይላል። የምናውቅ ሰዎች አንድ መሆናቸውን እናውቃለን፤ ነገር ግን በተከሰሰ ሰው ዕድል ላይ ሲፈረድ እንዲህ ያለ ልዩነት ያለ ማብራሪያ መቅረት ስለሌለበት፣ ሁለቱን አቆጣጠር አስተያይቼ በደብተር ጽፌ ከመቅረጫው ጎን አኖርሁላቸው።

ስለ መብራቱ ነገር ላሳጥር። አራት ካሜራና አንድ መቅረጫ በአንድነት ወደ 35 ዋት ይወስዳሉ፤ በሱቅ የሚሸጠው ትንሹ ባለ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ሁለት ሰዓት ተኩል እንኳ አጥግቦ አይዘልቅም፤ ባለ 100 አምፒር ሰዓት የሶላር ባትሪ ግን እስከ ግማሹ ብቻ ብንጠቀምበት ሌሊቱን ሁሉ ያሳድራል። ማከማቻውም እንዲሁ በሒሳብ ይታወቃል፤ በኤች 265 አጨማመቅ እያንዳንዱ ካሜራ በሴኮንድ 2 ሜጋ ቢት ቢልክ በቀን ወደ 22 ጊጋባይት ስለሚሆን፣ ለአራት ካሜራ 1 ቴራባይት ከ11 ቀን ብዙ አያልፍም፤ ከዚያ በኋላ በአሮጌው ላይ አዲሱ ይጻፋል። ለለቅሶም ሆነ ለሕክምና ሁለት ሳምንት ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ይህን ሳያውቅ መሄድ የለበትም።

እማኝ ያየውን ሁሉ ለመንደር የሚያወራ ከሆነ ግን ከሌባ አይሻልም። ከጎን የሰቀልሁት ካሜራ፣ ሳላስበው፣ ጎረቤትዋ ልጆችዋን የምታጥብበትን ጓሮ እያሳየ አገኘሁት፤ ወዲያው ዝቅ አድርጌ አዞርሁት፤ የቀረውንም ክፍል በመቅረጫው ውስጥ በጥቁር መጋረጃ ሸፈንሁት። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27፣ የሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የግል ዳታን ለመጠበቅ ወጥቷል። የተቀረፀን ሰው፣ ሌባ ነው ብለን በገመትነው ጊዜ እንኳ፣ በቴሌግራም ከመበተን ለፖሊስ ማስረከብ ይገባል፤ የዚያ ዘበኛ ሁለት ቀን ከኅሊናዬ ስለማይጠፋ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። የይለፍ ቃሉም ከፋብሪካ እንደ መጣ መተው የለበትም፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል ያልተለወጠ የይለፍ ቃል ያላቸውን ካሜራዎችና መቅረጫዎች በየአገሩ ማርኮ፣ ታላላቅ የኢንተርኔት አገልግሎቶችን ለሰዓታት ያቋረጠው በዚሁ ቸልተኝነት ነበር።

በዚያች የሐምሌ ምሽት ወደ አሰላ ሳልመለስ በሲሬ አደርሁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የግቢውን መብራት አጥፍተን፣ የልጅ ልጃቸው የሟች አያቱን ጋቢ ተከናንቦና ባርኔጣ ደፍቶ በአጥሩ በር እንዲገባ አደረግን፤ እኒያ እናት ከቴሌቪዥኑ ፊት በዱካ ተቀምጠው፣ በሦስቱ ካሜራዎች «ሰው ነው፤ ማን እንደሆነ አላውቅም» ሲሉ ቆይተው፣ በበሩ ካሜራ ሲደርስ ግን፣ «ይኸው፣ ጠባሳው!» አሉ፤ በልጁ ግንባር ላይ የነበረችውን የሕፃንነት ጠባሳ አይተው ነው። ይህንኑ ፈተና በየወሩ እንዲያደርጉ ተማፅኜ ሄድሁ።

በመስከረም መጨረሻ ስልክ ደወሉልኝ። ደብተሩን ገልጠው ያነቡልኝ ጀመር፤ ፈተናው በ21 ሌሊት ተደርጓል፤ የጎተራው ካሜራ የሸረሪት ድር ስለያዘበት በአሮጌ ነጠላ ተጠርጎ ጠርቷል፤ የልጁ ፊት በበሩ ላይ ይለያል፤ መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ መቅረጫው አልጠፋም። «ነገር ግን» አሉኝ፣ «ሰዓቱ ከሬዲዮው በ4 ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል። ባለፈው ወር 2 ደቂቃ ነበር። መቼ ትመጣለህ?» በማግሥቱ ማለዳ አዲስ ባትሪ በኪሴ ይዤ ወደ ሲሬ ሄድሁ።