«ፍራንከንስታይን» በሁለተኛው ንባብ

የሜሪ ሼሊን «ፍራንከንስታይን» በወጣትነቱ ያነበበ ሰው የሚያስታውሰው ጭራቁን ነው። ከዓመታት በኋላ፣ ምናልባትም ልጅ ካሳደገ ወዲህ፣ መጽሐፉን ዳግም ሲገልጥ ግን ዓይኑ በሠሪው በቪክተር ላይ ያርፋል። ቪክተር የሠራው አካል ነፍስ በዘራባት ሌሊት ደንግጦ ሸሸ፤ ስም እንኳ አላወጣለትም። በደግነት ያነጋገረው ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ደ ላሲ ነው፤ ዓይናማው ልጁ ፊሊክስ ግን ገና እንዳየው በዱላ ደበደበው። «ጭራቅ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ይጎረብጣል፤ ከመነሻው ፈርዶበታልና። «ፍጡር» ቢባል ይሻላል፤ ቃሉ ፈጣሪውንም ይጠይቃል።

ደራሲዋም ድርሰቷን ዳግም አንብባዋለች። እ.ኤ.አ. በ1816 ስትጀምረው የ18 ዓመት ወጣት ነበረች። በ1818 የታተመው ቪክተር በምርጫው የሚጠየቅ ሰው ነው። ባሏንና ሦስት ልጆቿን ከቀበረች በኋላ፣ በ1831 ባወጣችው የታረመ እትም ግን ዕጣ ፈንታ ይበልጥ ይጎትተዋል። ኀዘኗ እርማቱን ያስረዳ ይሆናል፤ መጽሐፉን ግን አልጠቀመውም። ጥፋቱን ዕጣ ፈንታ ከተሸከመለት፣ ፍጡሩ በአልፕስ ተራሮች በረዶ ላይ ቆሞ ያሰማው ክስ ተከሳሽ ያጣል። ለሁለተኛው ንባብ የሚመረጠው እንግዲህ የ1818ቱ እትም ነው።