ደጃፍ ያለው ቤት፦ ስለ «አናቶሚ»

በአስፈሪ ታሪኮች ነባር ሥርዓት ቤት የጭራቁ መኖሪያ ነው፤ ጭራቁ ተባርሮ ሲወጣ ቤቱ ይነጻል። ኪቲ ሆረርሾው በሚል የብዕር ስም የምትታወቀው የቪዲዮ ጨዋታ ደራሲ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣችው «አናቶሚ» ይህን ሥርዓት ይተዋል። የሚያሳድድ የለም፤ የሚተኮስበትም የለም። ያለው ጨለማ የዋጠው የአሜሪካ የከተማ ዳርቻ መኖሪያ ቤት፣ በየክፍሉ የተቀመጡ ካሴቶችና በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያለ አንድ ቴፕ ነው።

ተጫዋቹ ቤቱን የሚያየው በገዛ ዓይኑ እንደሚራመድ ሰው ነው። ምስሉ እንደ አሮጌ የቪዲዮ ካሴት ይሻክራል፤ ከጥቂት እርምጃ በላይም አያሳይም። ካሴት ያነሣል፣ ወደ ወጥ ቤት ይመለሳል፣ ያዳምጣል። አንዲት ሴት፣ ከመምህር በማይለይ የተረጋጋ አንደበት፣ ቤትን እንደ ገላ ብልት በብልት እየለያየች ታስረዳለች፤ ሳሎኑ ልብ፣ መተላለፊያዎቹ ደም ሥሮች ይሆናሉ። ከዚያ ሌላ ካሴት ፍለጋ ይኬዳል። ምልልሱ አሰልቺ ሊመስል ይችላል፤ ፍርሃቱን የሚያንቀሳቅሰው ግን እርሱ ነው። መተላለፊያው ደም ሥር መሆኑን የሰማ ሰው ያንኑ መተላለፊያ መልሶ ሲያቋርጥ ግድግዳው ሳይነካ ክፍሉ ተለውጦ ይቆየዋል። የለወጠው ቃል ብቻ ነው።

ጨዋታው ያለቀ ሲመስል ራሱን ይዘጋል። በዚያው የተነሣ ሰው የሥራውን ዋና ክፍል ሳያይ ይቀራል፤ ደግሞ የከፈተው ግን ያንኑ ቤት ታሞ ያገኘዋል። ድምፁ ተበላሽቷል፤ ክፍሎቹም እንደነበሩ አይደሉም። ይህ ዘዴ በሌላ እጅ ብልጠት ብቻ ሆኖ በቀረ። እዚህ ግን ተጫዋቹን በፈቃዱ ተመልሶ የገባ እንግዳ ያደርገዋል፤ ማንም አላስገደደውም።

አማርኛ ቤትን ከገላ ጋር ካዛመደ ቆይቷል። መግቢያውን «ደጃፍ» የሚል ቋንቋ ቤት አፍ እንዳለው ሳያስበው መስክሯል፤ ሊነገር የማይገባውን ነገር «ቤት ይፍጀው» ብሎ የሚተው ሰውም ቤት እንደሚፈጅ አምኖ፣ ይባስ ብሎ በዚያው ይጽናናል። በእንግሊዝኛ አዲስ ግኝት የሚመስለው ንጽጽር ለአማርኛ ጆሮ ከአፍ ላይ ሳይወርድ ትርጉሙ የተዘነጋ ነገር ነው። ምድር ቤቱ ግን አይሻገርም። ያለ ምድር ቤት ላደገ ሰው ያ ደረጃ ወደ ዕቃ ማስቀመጫ ከመውረድ አያልፍም። ጓዳ ቢሆን ኖሮ!

ከካሴቶቹ ሁሉ የከበደው ጥያቄ ለብቻው የተተወ ቤት ስለ ተዉት ሰዎች ምን ያስባል የሚለው ነው። ከዓረብ አገርና ከአሜሪካ በተላከ ገንዘብ ተሠርቶ፣ መስኮቱ ተዘግቶ በዘበኛ የሚጠበቅ ቤት ያለው ስደተኛ ይህን እንደ ባዕድ ተረት አይሰማውም። የቀለሙን ዓይነት በስልክ መርጧል፤ አንድ ሌሊት አላደረበትም። ጨዋታው እንዲህ ያለውን ባለቤት አላሰበውም፤ ያም ሆኖ ጥያቄው ያገኘዋል።

የሚያሳዝነው ደራሲዋ ጥያቄውን ለተጫዋቹ አለመተዋ ነው። በመጨረሻው ዙር ቤቱ ራሱ አፍ አውጥቶ ቁጣውንና ረሃቡን ይናገራል፤ እስከዚያ በዝምታ የተከማቸው ጭንቀትም በዲስኩሩ ብዛት ይላላል። የሚናገር ቤት ምን እንደሚፈልግ ይታወቃል፤ ዝም ያለው ነበር የሚያስፈራው።

መላው ጨዋታ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በጆሮ ማዳመጫ ቢጫወቱት ይመረጣል፤ የሥራው ግማሽ ያለው በድምፁ ነውና።