ልዕለ ጀግናው፣ ሚስማሩና ጣዕሚያ ሻጩ

መተማ ዮሐንስ ላይ ፊልም ማየት ማለት ላብ እያበሱ ማየት ማለት ነው። በ1990ዎቹ ልጅ ሳለሁ የማዘወትረው ቪዲዮ ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ማዳበሪያ የተወጠረበት አጠና ነበር። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከደጋ የወረዱት የቀን ሠራተኞች አግዳሚውን ይሞሉታል፤ እኛ ልጆቹ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ሥር መሬት ላይ እንኮለኮላለን። የቤቱ ንጉሥ ራምቦ ነበር። ብቻውን ያን ሁሉ ሰው ሲያርበደብድ ፉጨቱ ቆርቆሮውን ያነቃንቀዋል። በመጀመሪያው ፊልም የተተረተረ ክንዱን በገዛ እጁ በመርፌና በክር ሲሰፋ ግን ትንፍሽ የሚል አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ማጭድ ጨብጦ የዋለ ሰው ቁስል ምን እንደሆነ ያውቃል።

ይህን ማንሣቴ ለአቤቱታዬ መንደርደሪያ ይሆነኛል ብዬ ነው። አቤቱታዬም የዘመኑ ልዕለ ጀግኖች ቁስላቸውን ተነጥቀዋል የሚል ነው።

እስቲ «ሎጋን»ን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ይህ ፊልም በእኔ ግምት ከነዚህ ባለ ጥፍርና ባለ ክንፍ ሰዎች ታሪክ ሁሉ የተሻለው ነው። ዎልቨሪን ያረጃል፣ ያነክሳል፣ እንደ ድሮው ቁስሉ ቶሎ አይድንለትም፤ በመጨረሻም ይሞታል፤ ይቀበራል። ትንሿ ልጅ በመቃብሩ ላይ ያለውን መስቀል አጋድማ «ኤክስ» ፊደል ስታስመስለው ዓይኔ እንባ ማቅረሩን አልደብቅም። ሰባት ዓመት ቆይቶ «ዴድፑል እና ዎልቨሪን» መጣ። ፊልሙ ሲጀምር ዴድፑል ያንኑ መቃብር ይቆፍርና የሟቹን አጥንት መሣሪያ አድርጎ በሙዚቃ እየተወዛወዘ ይፋለምበታል። ሟቹም ከሌላ ዓለም በሌላ ቅጂ ተተክቶ ይመጣል። ሳቅሁ፤ መቼም ያስቃል። ግን ያለቀስሁት እንባ የተመለሰልኝ ያህል ቅር አለኝ። «አቬንጀርስ»ም ያው ነው። በ2018 ታኖስ ጣቱን አጩኾ የፍጥረትን እኩሌታ ትቢያ ሲያደርግ፣ ያ ልጅ እግር ሸረሪት ሰው «መሄድ አልፈልግም» እያለ በአሳዳጊው እቅፍ ሲበተን፣ ከሲኒማ ቤት ስንወጣ ሰው እርስ በርሱ አይነጋገርም ነበር። በዓመቱ ትቢያው ሁሉ ተሰብስቦ ሰው ሆነ። የብረት ሰውየው ሞት በእርግጥ ዋጋ ነበረው፤ ይህን አልክድም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ባሉት ፊልሞች አንድ ሰው ሲወድቅ ተመልካቹ «በየትኛው ክፍል ይመለስ ይሆን?» እያለ ያሰላል እንጂ አይደነግጥም።

በእኛ አካባቢ ጀግና ሲወድቅ የሚሆነውን ያስተማረን ፊልም አይደለም። የከተማዋ ስም ራሱ የወደቀ ንጉሥ ስም ነው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚሁ መተማ ላይ ከመሐዲስቶቹ ጋር ሲዋጉ፣ ሠራዊታቸው የጠላትን የእሾህ አጥር ጥሶ ገብቶ ድሉን ሊጨብጥ ሲል ንጉሡ በጥይት ተመቱ። ሲያሸንፍ የነበረ ጦር ወሬውን ሰምቶ ተፈታ። አስከሬናቸው በጠላት እጅ ወደቀ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ። ሽማግሌዎች ይህን ሲያወሩ፣ መጨረሻውን በቃላችን የምናውቅ ልጆች እንኳ አጥሩ ሲጣስ ልባችን ይንጠለጠል ነበር። ምናልባት አሁን ቢያሸንፉስ?

ነገሩ እንግዲህ መጨረሻውን በማወቅና ባለማወቅ ብቻ የሚፈታ አይደለም። ሂችኮክ ስለ ልብ አንጠልጣይ ፊልም የሰጠው ማብራሪያ የታወቀ ነው። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ያወራሉ፤ ከጠረጴዛው ሥር ፈንጂ አለ። ተመልካቹ ካላወቀ ፈንጂው ሲፈነዳ ለቅጽበት ይደነግጣል። አስቀድሞ ካወቀ ግን ያ ተራ ወሬ እስኪያልቅ ድረስ ጭንቅ ነው።

ለዚህ ከቅርቦቹ የምጠቅሰው የ2018ቱን «ኤ ኳየት ፕሌስ» ነው። ድምፅ ተከትለው ሰው የሚበሉ አውሬዎች ምድሪቱን ወርረዋል፤ አንድ ቤተሰብ በባዶ እግሩ አሸዋ ላይ እየረገጠ፣ በምልክት እየተነጋገረ ይኖራል። ነፍሰ ጡሯ እናት የልብስ ከረጢት ስትጎትት ከደረጃው ላይ አንድ ሚስማር ነቅሎ ያቆመዋል። እሷ አላየችውም። እኛ አይተነዋል። ከዚያ በኋላ ያን ደረጃ ማንም ሲወርድ ዓይናችን ከሚስማሩ አይነቀልም፤ ምጥ ይዟት በባዶ እግሯ ስትወርድማ የሚሆነውን ላላየ ሰው አልናገርም። በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር ከተማ የሚያፈርሱት ፊልሞች ይህች አንዲት ሚስማር የሠራችውን አልሠሩም። የረገጠ እግር ይደማል፤ የደማ ሰው ይጮኻል፤ የጮኸ ይሞታል። ሂሳቡ ይኸው ነው።

ታዲያ ይህንኑ ፊልም «በትርጉም» ያየሁ ዕለት የደረሰብኝን ባልናገር ይቆጨኛል። በአማርኛ እየተረኩ የሚያቀርቡልንን ሰዎች ውለታ አልዘነጋም፤ እንግሊዝኛ ለማይሰማው ተመልካች ሲኒማን ያመጡለት እነሱ ናቸው፤ ቀልዳቸውም አንዳንዴ ከፊልሙ ይበልጣል። የዚያን ዕለቱ ተራኪ ግን ዝምታ የሚባል ነገር አላስቻለውም። ሰዎቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ሳለ እሱ «አሁን እናትየው ትፈራለች፣ አሁን አባትየው ይመጣል» ይላል። ሚስማሩንማ ገና ሳይታይ ነገረን! ድምፅ ያሰማ ሁሉ በሚበላበት ፊልም ውስጥ ያለ ሥጋት የሚያወራው እሱ ብቻ ነበር፤ አውሬዎቹ እንዴት እንደሳቱት አልገባኝም።

በነገራችን ላይ የሀገራችንም ድርሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የተቀረጸው የሚጌል ያንሶ «ክራምብስ» ሰላም ተስፋዬና ዳንኤል ታደሰ የሚተውኑበት ፊልም ነው። ዓለም ካለፈች በኋላ የተረፉ የፕላስቲክ አሻንጉሊቶች እንደ ታቦት ይከበራሉ፤ ዋናው ገፀ ባሕሪም አጭር፣ ፈሪና አፍቃሪ ሰው ነው። ፊልሙ አንዳንድ ቦታ ግራ ያጋባል፤ ያን ሰውዬ ግን ከብዙ ባለ ካባ ይልቅ አምኜዋለሁ። መንገድ ሲጀምር እንደሚፈራ ከፊቱ ይነበባላ።

ሰሞኑን መተማ አክስቴ ቤት በፍላሽ ያየነው የጄምስ ገንን «ሱፐርማን» ነው፤ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የወጣው። አጀማመሩን ወደድሁት፤ ጀግናው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸንፎ በረዶ ላይ ይወድቃል፤ ደም አለው። ታሪኩም የድንበር ታሪክ ነው። ቦራቪያ የተባለች ኃያል አገር ጎረቤቷን ጃርሃንፑርን ልትወር ትሰናዳለች፤ ሱፐርማን ማንንም ሳያማክር ጣልቃ ይገባል። ጋዜጠኛዋ ሎይስ «ማንን ጠይቀህ ነው?» በሚል ዓይነት ስታፋጥጠው ያለው ክፍል ከድብድቡ ሁሉ ይበልጣል። ድንበር ላይ የኖረ ሰው ጥያቄውን ያውቀዋል። ጋላባት ከድልድዩ ማዶ ናት፤ ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በዚያ ድልድይ ሕዝብ ልጁንና ፍራሹን ተሸክሞ ተሻግሯል። ስለዚህ ፊልሙ ላይ አካፋና ዶማ የያዙት ገበሬዎች ከታንክ ፊት ሲቆሙ፣ አንድ ልጅም የሱፐርማንን ምልክት የያዘ ባንዲራ ሲያቆም፣ አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። በራሪዎቹ ደርሰው ሁሉን በደቂቃ ይጨርሱታል፤ ገበሬዎቹም ስም እንኳ ሳይኖራቸው ከታሪኩ ይወጣሉ።

ስም ያለው አንድ ተራ ሰው ግን አለ፤ ማሊክ፤ መንገድ ላይ ፈላፈል የሚሸጥ። «ጣዕሚያ ሻጭ ነው በሉኛ!» አለ የአክስቴ ልጅ፤ ጋላባት ማዶ በልቶ ያደገ ነው። ማሊክ ሱፐርማንን አንድ ቀን ከወደቀበት ደግፎ በማንሣቱ ብቻ ተይዞ፣ ሌክስ ሉተር አንድ ጥይት ብቻ ያለበትን ሽጉጥ ይደቅንበታል። ሱፐርማን መስተዋት ውስጥ ታስሮ ያያል፤ ጉልበቱ ተሟጧል። ይጠየቃል፤ ምላጩ ይሳባል፤ ባዶ። ይህ የሚበር የሌለበት፣ የሚፈርስ ፎቅ የማይታይበት ክፍል ነው የፊልሙ ልብ። ቤቱ ውስጥ ሕፃኑ ሳይቀር ጸጥ አለ፤ ልክ እንደዚያ እንደ ክንድ ሲሰፋው።

በዚህ መካከል መብራት ጠፋ።

በጨለማው ውስጥ ማንም ከቦታው አልተነሣም። አክስቴ ኩራዝ ፍለጋ አልሄደችም። ፊልሙን አስቀድሜ ጎንደር ማየቴን የሚያውቀው የአክስቴ ልጅ ወደ ጆሮዬ ተጠጋና «ጋሼ፣ ጣዕሚያ ሻጩ ተረፈ?» አለኝ።

«መብራት ሲመጣ ታያለህ» አልሁት።