ስለ ውጭ አገር የሥራ ስምሪት ዐዋጅ፤ አጭር ሒስ

ማንኛውም ሕግ ስለሚገዛው ሰው አንድ ሥዕል በልቡ ይዞ ይጻፋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት ዐዋጅ ቁጥር 923 የሣለው ተጓዥ ቢያንስ 8ኛ ክፍልን የጨረሰ፥ የሙያ ብቃት ማስረጃ የያዘ፥ መንግሥታችን ወደ ተዋዋለበት አገር በሕጋዊ መንገድ የሚሄድ ሠራተኛ ነው። የዐዋጁን በጎነት መካድ አይገባም፤ ኤጀንሲዎችን በዋስትና ገንዘብ ማሰሩ ለሠራተኛው መከታ ነው። የሆነ ሆኖ ሥዕሉን ከመቅደላ አምባ እስከ መካነ ሰላም ካለው የደጋ ኑሮ ጋራ ስናነጻጽረው ጉድለቱ ይገለጣል። ከትምህርት ገበታ ቀድማ የምትነሣው የድኻ ልጅ ናት፤ ችግር ለስደት የሚገፋትም እርሷኑ ነው። ስለዚህ የ8ኛ ክፍሉ ደረጃ ይበልጥ የተቸገረችውን ከሕጋዊው በር መልሶ ለደላላ አሳልፎ ይሰጣት ነበር።

በር መዝጋት ፍልሰትን እንደማያስቀር ታይቷል። በ2006 ዓ.ም. መንግሥት ጉዞውን አገደ፤ በዚያው ዓመት ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቢቆይም የባሕሩ መንገድ አልተቋረጠም፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ብቻ ከ138,000 በላይ ሰዎች፥ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን፥ ተሻግረው የመን ገብተዋል። ዐዋጁም በ2013 ዓ.ም. በቁጥር 1246 ተሻሽሏል።

ወቀሳው ግን ለሕግ አውጪው ብቻ የሚተው አይደለም፤ እኛ ተመራማሪዎችም ድርሻ አለን። በ1860 ዓ.ም. የናፒየር ጦር ከመቅደላ 350 ያህል የብራና መጻሕፍትንና ሕፃኑን ልዑል ዓለማየሁን ይዞ ሄደ። ልዑሉ በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ፤ መጻሕፍቱንም ለማንበብ የእኛ ሊቅ ለንደን ይወርዳል። እኛስ የተመላሿን ቃል በመጠይቅ ሰብስበን፥ በባዕድ ቋንቋ ጽፈን፥ እርሷ ከማትደርስበት መደርደሪያ ስናኖር ምን ያህል እንለያለን?

እንግዲህ ጥናቱ የጋራ ይሁን። ጥያቄውን ከተመላሾችና ከእናቶች ጋራ እንንደፍ። ሕጉ «በየትኛው መንገድ ሄደች?» ሲል፥ ቤተ ሰቡ «ብሩን ከማን እንበደር?» ይላልና፤ ዕዳው ያልተጠና ፍልሰት አልተጠናም። ውጤቱም ወደ አዲስ አበባ ከመላኩ በፊት በቅሬው ጉባኤ በአማርኛ ይነበብ፥ ይታረምም። ተመላሹም እንደ ማንኛውም ሰው ሊሳሳት፥ ለጥቅሙም ሊያደላ ይችላል፤ ስለዚህ የማመዛዘኑ ኀላፊነት ከምሁሩ ትከሻ አይወርድም። ነገር ግን ባለጉዳዩ ያልተሰማበት ፍርድ ትክክል ቢሆን እንኳ ፍትሕ አይባልም።